ሆቴል ሳይያዝ፣ ምሳ ተቋጥሮ፦ አንድ ቀን በኦሽን ሲቲ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአገር ቤት የመጡ እናቷንና ሦስት ልጆቿን ባሕር ላሳይ ብላ የሆቴሉ ዋጋ ላስደነገጣት እህታችን ልመልስላት ነው።

ዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ከአሌክሳንድሪያ ለሚነሳ ሰው ምክሬ አንድ ነው፤ ሆቴሉን ተዪው። ሜሪላንድ ውስጥ አትላንቲክ ዳር ያለችው ኦሽን ሲቲ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ይሆናል። እኛም ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ እናቴንና ልጆቹን ይዘን ሄደን በዚያው ቀን ተመልሰናል።

ቀኑን መምረጥ ግን ግድ ነው። ቅዳሜ አትሂጂ። ቤት ለሳምንት የተከራየው ሁሉ የሚለቀውም አዲሱ የሚገባውም ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ላይ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ የሚያሻግረው ድልድይ ሰልፍ ያስመርራል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ፈቃድ ጠይቂና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሺ (ሰዓቱን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ልጆቹን ከነፒጃማቸው መኪና ውስጥ ማስተኛት ነው፤ ልብስ እዚያ ይቀየራል። መንገዱ አያሳስትም። ዋሽንግተን ውስጥ ኒውዮርክ ጎዳናን ይዞ የሚወጣው 50 ቁጥር መንገድ ራሱ ኦሽን ሲቲ ገብቶ ያልቃል። ድልድዩ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታ ለሚፈራ ሰው አይመችም። እናቴ መሐሉ ላይ ስንደርስ መስኮቱን ትታ ዳዊቷን አወጣች። የድልድዩ ክፍያ ወደ ባሕሩ ሲኬድ ብቻ ነው፤ ሲመለሱ የለም።

ባሕሩ ራሱ በነጻ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ብዙዎቹ ከተሞች አሸዋው ላይ ለመቀመጥ መለያ ያስገዛሉ፤ እዚህ እንደዚያ የሚባል ነገር የለም። ገንዘብ የሚበላው መኪና ማቆሚያው ነው። መሐል ከተማው ላይ በሰዓት ያስከፍላሉ። ወደ ከተማው የሚያስገባውን ሌላውን ትንሽ ድልድይ ከመሻገርሽ በፊት፣ ዌስት ኦሽን ሲቲ ላይ፣ በነጻ ቆሞ አውቶቡስ የሚያዝበት ሰፊ ቦታ አለ። የአውቶቡሱ ቲኬት አንድ ጊዜ ከተከፈለ ቀኑን ሙሉ ያገለግላል። ወደ ሰሜን ራቅ ባሉት ቁጥራቸው ከፍ ያለ መንገዶች ላይም በነጻ ማቆም ይቻላል የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ዳሩ ግን ሕዝብ መጸዳጃ ቤቶቹ በአብዛኛው ያሉት በደቡብ በኩል፣ ቦርድዎክ በሚባለው የእንጨት መሄጃ ዳር ነው። የአራት ዓመት ልጅ «ሽንቴ መጣ» ሲል መቶኛው መንገድ ላይ ያለ ወላጅ ምን እንደሚያደርግ እናንተው አስቡት።

አሁን ስለ ውኃው። እዚህ ላይ ረዘም ብል አትቀየሙኝ። አብዛኞቻችን ደገኞች ነን፣ ዋና አናውቅም፣ ሐይቅ ያየንም ብንሆን አትላንቲክ እንደ ላንጋኖ አይደለም። ሞገዱ ዳር ላይ መጥቶ ነው የሚሰበረው፤ ጉልበት ድረስ ብቻ የገባን ሰው ገልብጦ በአናቱ አሸዋ ላይ ይተክለዋል። ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ። ሌላው ወደ ውስጥ የሚጎትተው ጅረት ነው። ሞገድ ያመጣው ውኃ በአሸዋ ጉብታዎች መካከል ቀዳዳ አግኝቶ ሲመለስ ሰውንም ይዞ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከጅረቱ ጋር ታግሎ በቀጥታ ወደ ዳር ለመምጣት መሞከር ጉልበት ይጨርሳል። ተንሳፍፎ እጅ ማውጣት፣ ከተቻለም ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣት ነው። ነፍስ አድኖቹ በበጋው ወራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ማማቸው ላይ አሉ። እነሱ ከሌሉ ልጅ ወደ ውኃ አይገባም፤ በእኛ ቤት ይህ ክርክር የለውም።

እነዚህ ነፍስ አድኖች በሁለት እጃቸው ባንዲራ እያወዛወዙ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው በፊደል ይነጋገራሉ። ልጅ ሲጠፋም ወሬው የሚሄደው በዚያው ነው። ስለዚህ እንደደረሳችሁ ለልጆቹ የማማውን የመንገድ ቁጥር አስጠኗቸው፤ «እማዬ ቢጫ ጃንጥላ ሥር ናት» የሚል ልጅ እዚያ ቦታ አይገኝም፣ ሁሉም ጃንጥላ ቢጫ ነው።

ጃንጥላና ወንበር ከቤት ያዙ። እዚያው ያከራያሉ፣ ግን ለአንድ ቀን የሚከፈለው በቅናሽ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት ከሚያገለግለው ብዙ አይርቅም። ጃንጥላውን በጥልቀት ትከሉት፤ የባሕሩ ነፋስ ነቅሎ ሰው ላይ ይወረውረዋል። «እኛን ጥቁሮቹን ፀሐይ አያቃጥለንም» የምትሉ ሰዎች ደግሞ የትልቁን ልጄን ትከሻ ማየት ነበረባችሁ። ክሬሙ ይቀባ።

ምግቡን ማታ ነው የሠራነው፦ የበርበሬ ፍርፍር፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ዳቦ፣ ሐብሐብ፣ በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ። ጠርሙሱ እስከ ቀትር ሌላውን ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይጠጣል። ፍርፍሩን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት። የባሕር ወፎቹ ሌባ ናቸው፣ እጅ ላይ ያለ ዳቦ ይነጥቃሉ። ቡናው በፔርሙዝ ነው፤ ያለ ፈቃድ አሸዋው ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ ጀበናና ከሰል ይዛችሁ አትድከሙ።

ገንዘብ ያወጣነው አንድ ነገር ላይ ነው፣ አልቆጭም። ቦርድዎኩ ላይ ከ1929 ጀምሮ የድንች ጥብስ የሚሸጥ ትራሸርስ የሚባል ቤት አለ። ሌላ ነገር አይሸጥም፤ ካቻፕ ስጡኝ ብትሉም የለም፤ ጨውና ኮምጣጤ ብቻ። እናቴ ሰዓቷ ደርሶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ባልዲ የሚያህለውን ዕቃ ይዤ ስመጣ «በምንድን ነው የጠበሱት?» አለች። በኦቾሎኒ ዘይት ነው አልኳት። አንዷን አነሳች፣ አሸተተች፣ አማተበችና ቀመሰች። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ዕቃውን ለማስመለስ ሲታገሉ ነበር። (ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ።)

እናትሽ አሸዋ ላይ መቀመጥ ከከበዳቸው፣ ወይም የሰዉ ራቁትነት ካሳፈራቸው፣ ቦርድዎኩ ላይ የእንጨት አግዳሚዎች አሉ። መደገፊያቸው ወደፊትና ወደኋላ ይገለበጣል፤ ባሕሩን ማየት የፈለገ ወደ ባሕሩ፣ አላፊ አግዳሚውን ማየት የፈለገ ወደ ሰዉ ያዞረዋል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ግማሹን ቀን ባሕሩን አየች፤ ከዚያ መደገፊያውን ገልብጣ ሰው ማየት ያዘች፣ ይኸኛውን ሳትወደው አልቀረችም።

*

አንድ ወንድም፦ «በፍልሰታ ሱባኤ ባሕር ዳር መዝናናት አይከብድም? ለምን ከጾሙ በኋላ አልሄዳችሁም?»

ወንድሜ፣ ከጾሙ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ እኔ ፈቃድ አልነበረኝም። እናቴ ማለዳ መኪና ውስጥ ውዳሴ ማርያሟን አድርሳ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ነው የዋለችው። ከእኔና ከአንተ በላይ ጾማለች። የነፍስ አባቷን ጠይቃ ነው የሄደችው፤ አንተም የአንተን ጠይቅ።

*

ጠያቂዋ እህት፦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያው አጠገቡ ያለውን የአሳቲግ ደሴት የዱር ፈረሶች ማየት ይቻላል?»

ይቻላል፣ ግን በአንድ ቀን ሁለቱን ባትቀላቅዪ ይሻላል። አሳቲግና ኦሽን ሲቲ ድሮ አንድ መሬት ነበሩ፤ በ1933 የመጣው ማዕበል ነው ቆርጦ የለያቸው። ካርታ ላይ ሲታዩ ጎን ለጎን ናቸው፣ በመኪና ግን ዞሮ መሄድ ይጠይቃል፣ መግቢያውም በመኪና ይከፈልበታል። ፈረሶቹ ያምራሉ። ይነክሳሉም ይራገጣሉም፤ ልጅ አጠገባቸው አይድረስ፣ ምግብም አይሰጣቸው። በነሐሴ ደግሞ ትንኙና ተናካሽ ዝንቡ ከፈረሱ ይበዛል። መስከረም ገብቶ ቀዝቀዝ ሲል፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳይሆን አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሂዱ፤ የቤት ተከራዩም ያን ጊዜ ይቀንሳል።