የላብራቶሪ ሰራተኞች የሰራሁትን ሶፍትዌር ትተው ወደ ኤክሴል ተመለሱ፣ ምን ላስተካክል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤቶች፣ ለአንድ የአፈር ምርመራ ላብ ውጤት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሰርቼ ነበር፣ ፒኤች (የአፈሩ አሲድነት መለኪያ) ናይትሮጅን ፎስፈረስ ምናምን ይገባበትና ሪፖርት ያወጣል። ስልጠናም ሰጥቻለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላው ሁሉም ወደ ኤክሴላቸው ተመለሱ፣ ስጠይቃቸው "ጥሩ ነው ትንሽ ያስቸግራል" ብቻ ነው የሚሉኝ። ከየት ልጀምር? ብዙ ስለለፋሁበት በጣም ከንክኖኛል።

የላብ ልጅ፦ ወንድሜ አትጠይቃቸው፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ሲሰሩ እያቸው። እኛ ጋ እንደዚህ አይነት ሶፍትዌር መጥቶ ነበር፣ ከማሽኑ የወጣ 96 ረድፍ ፋይል እያለ አንድ በአንድ ጻፉ ተባልን፣ ታብ አይሰራም በማውስ ነው፣ እጄ ላይ ጓንት አለ፣ ሴቭ ደግሞ መጨረሻ ላይ ብቻ። ሰባኛው ላይ መብራት ሄደ፣ የገባው ሁሉ ጠፋ። ከዛ ወዲያ ማን ይከፍተዋል? ኮፒ ፔስት ይቀበል፣ እየገባ ራሱ ሴቭ ያድርግ።

ሲቪሏ፦ ዩኒቱን ከየሳጥኑ ጎን ጻፍ እባክህ። ናይትሮጅን በፐርሰንት ፎስፈረስ በፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ) ከሆነ ሰው ይምታታበታል፣ 0.15 ፐርሰንት ማለት እኮ 1500 ፒፒኤም ነው። ናሳ በፈረንጅ 1999 ማርስ ጋ የደረሰች መንኮራኩር ያጣው አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ አውጥቶ ሌላው በኒውተን ስለጠበቀ ነው። ፒኤች 72 ሲገባም "ኢንቫሊድ" ብለህ አትዝጋባቸው፣ "7.2 ለማለት ነው?" በላቸው።

የጄኔቲክስ ተማሪ፦ ኤክሴልም ጣጣ አለው፣ ማርች1 እና ሴፕት2 የሚባሉ ጂኖችን ቀን እያደረገ ስላስቸገረ ሳይንቲስቶቹ በፈረንጅ 2020 የጂኖቹን ስም ለመቀየር ተገደዋል። ሰው ያስገባውን ሳትነግረው አትቀይር። ቀን ላይ ተጠንቀቅ፣ 12/3/2016 በኛ ህዳር ነው በፈረንጅ ሌላ፣ ካላንደሩን አስመርጥ፣ ጳጉሜንም እንዳትረሳ 13ኛ ወር የማይቀበል ሶፍትዌር ስንቴ አጋጥሞኛል!

ጠያቂ፦ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ናሙናው ላይ ያለው ኮድ "14/ለ" ምናምን ነው፣ የኔ ሳጥን ግን ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ልጅቷ ለየኮዱ የራሷን ቁጥር ሰጥታ መፍቻውን ወረቀት ላይ ጽፋ ሞኒተሩ ጎን ለጥፋዋለች። ስልጠናው ላይ አንድም ሰው አልነገረኝም። እሱን ዛሬ ማታ አስተካክላለሁ፣ ፔስቱንና ሴቩን በዚህ ሳምንት፣ ከዛ ተመልሼ አብሬያት እቀመጣለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።