ከቤት መውጣት ለከበደው ሰው ምን ዓይነት ሥራ ይሆናል?

ጭምቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 27 ዓመቴ ነው፣ አካውንቲንግ ነው የተመረቅሁት። አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አንድ ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሰባት ወር ሠርቻለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት መገናኛ አካባቢ፣ ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጣብቄያለሁ። ድንገት ልቤ ደረቴን ሰንጥቆ ሊወጣ ደረሰ። እጄ ደነዘዘ። የምሞት መሰለኝ። "ወራጅ አለ" ማለት ግን አፈርኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል ብዬ። እየሞትኩ እንኳ አፈርኩ፣ አስቡት።

መጀመሪያ ታክሲ ተውኩ። ቀጥሎ ባቡር፣ ቀጥሎ ገበያ። ሥራውም በዚያው ቀረ። አሁን የግቢውን በር ካለፍኩ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሐኪሙ አጎራፎቢያ ነው (በቀላሉ መውጣት የማይቻልበት ቦታ መገኘትን መፍራት)፣ ሶሻል አንዛይቲም (ሰው ያየኛል፣ ይታዘበኛል ብሎ መፍራት) አለብሽ አለኝ። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ የእንጦጦ ጸበል በጄሪካን ታስመጣልኛለች። (ጸበሉ ቤቴ ድረስ ከመጣ ሥራው ለምን አይመጣም?)

አንድ ቃለ መጠይቅ በራይድ ሄጄ ነበር። አምስት ሰው ተደርድሮ ሲያፈጥብኝ ዴቢትና ክሬዲት ተምታታብኝ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌርና ኤክሴል በደንብ እችላለሁ። ሰው የማላይበት፣ ስልክ የማላነሳበት ሥራ የሚያውቅ አለ?

የሰፈር ልጅ፦
እህቴ፣ ቤት ስለተቀመጥሽ ነው። ውጪ፣ ከሰው ጋር ቡና ጠጪ፣ ይለቅሻል።

ነርሷ፦
የሰፈር ልጅ፣ ቀላል ቢሆን ኖሮ እዚህ መጥታ ባልጠየቀች። መውጣቱ ልክ ነው፤ ግን በትንሽ በትንሹ። ድንጋጤው ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይበርዳል። መሀል ላይ ከሸሸሽ ግን አእምሮሽ "ያዳነኝ መሸሼ ነው" ብሎ ይይዘዋል። መድኃኒት ታዞልሽ ከሆነ ደግሞ፣ እንደ ሰርትራሊን ያሉት ሳምንታት ይፈጃሉ። በአሥረኛው ቀን "አልሠራም" ብለሽ እንዳትተዪው። "አማኑኤል ታየች" መባሉን ከፈራሽ፣ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና አለ።

ጋሽ ደረሰኝ፦
አንቺ ልጅ፣ የኔን ታሪክ ነው የጻፍሽው። እኔ ሳሪስ ነኝ፣ 41 ዓመቴ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰባት ሱቅ ሂሳብ እይዛለሁ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ ከሕንፃችን ሥር ያለው ሥጋ ቤት ነበር። ደረሰኙን በፌስታል ጠቅጥቆ፣ ግማሹን ደም አስነክቶ ይልክልኛል። እኔ ፒችትሪ ላይ አስገባለሁ፣ የወሩን ተጨማሪ እሴት ታክስ አዘጋጃለሁ፣ ክፍያዬ በቴሌብር ይገባል። ሐምሌ ላይ ሥራ ይከመርብኛል፣ እንቅልፍ የለም። ኦዲት መፈረም ግን የኛ አይደለም፣ ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው።

ደንበኞቼን ከመጀመሪያው "በጽሑፍ አናግሩኝ" አልኳቸው። ማንም ቅር አላለውም። እንዲያውም የተጻፈው ማስረጃ ይሆናል።

አሁን ስህተቴን ልንገርሽ። ፌስታሉን ወንድሜ ነበር የሚያመጣልኝ። ገንዘብ ገባ፣ እኔ ግን 11 ወር ሙሉ ደጅ አልረገጥኩም። ሥራው አበላኝ፣ ቤቱንም አጠበበብኝ። በኋላ ሐኪሜ ጋር ተማክረን አንድ ደንብ አወጣን፤ የሥጋ ቤቱን ደረሰኝ ሐሙስ ረፋድ 4 ሰዓት ራሴ አመጣለሁ። በዚያ ሰዓት ሰው የለም። መጀመሪያ ቀን ላቤ ጫማዬ ድረስ ወረደ። ሥጋ ቤቱ ግን የሚያሳስበው ቢላዋው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ቀና ብሎም አላየኝ። ስለዚህ ሰው የሌለበትን ሥራ አትፈልጊ። በሳምንት አንዴ፣ ለአምስት ደቂቃ የሚያስወጣሽን ፈልጊ።

ቴሌግራም ላይ "መመዝገቢያ ክፈሉ" የሚሉትን የቤት ሥራዎች ደግሞ አጠገባቸው አትድረሺ። ሁለቴ ተበልቻለሁ።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦
ቢሮ ከተቀጠርሽም፣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። ወረቀት ላይ ነው ትሉኝ ይሆናል። ቢሆንም የሐኪም ማስረጃሽን አስቀምጪ።

ጭምቷ፦
ጋሽዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከብሎካችን ሥር ላለው ባለሱቅ "ሂሳብህን ልያዝልህ?" ብዬ ልጠይቀው ወረድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በቴሌግራም ጻፍኩለት። "እሺ፣ ደረሰኙን ማን ይወስዳል?" አለኝ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ስልኩን ሳየው ቆየሁ። ከዚያ "ሐሙስ 4 ሰዓት እኔ" ብዬ ላክሁለት።