ለሙላቱ አስታጥቄ ክብር ያቀረብነው የጃዝ ምሽት ቅጂ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ባለፈው ወር በሐይቁ ዳርቻ ለሙላቱ አስታጥቄ ክብር ሥራዎቹን የተጫወትንበትን ምሽት በአንድ መቅረጫ ብቻ ቀድተነው ነበር፤ መቅረጫው ከድራሙ አጠገብ በመቀመጡ ግን የሲምባሉ (የድራሙ የብረት ሳህን) ድምፅ ቫይብራፎኑን፣ ማለትም በመዶሻ የሚመቱ ብረቶች ያሉትን መሣሪያ፣ ውጦታል። የሚታረምበት መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አንዴ የተቀላቀለን ድምፅ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት መቀነስ ግን ይረዳችኋል። ሌላ ጊዜ ከቫይብራፎኑ ብረቶች በላይ ሁለት ማይክሮፎኖች ስቀሉ፤ የቫይብራፎን ርግብግቢት የሚፈጠረው በሞተር በሚሽከረከሩ ክዳኖች ስለሆነ፣ የሞተሩ ድምፅ እንዳይገባ ወደ ታች አታውርዷቸው።

መልስ፦ ሙላቱ ባለ 5 ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ የድምፅ ስምምነት (ሃርመኒ) ጋር ያዋሐደ፣ ቫይብራፎንንም ዋና መሣሪያው ያደረገ ሰው በመሆኑ፣ እኔ ብሆን ያለ ቫይብራፎኑ ድምፅ የወጣውን ቅጂ ትቼ እንደገና እቀዳ ነበር። (ድራመኛችሁ አይቀየመኝ!)

መልስ፦ ለሕዝብ ከማሰራጨታችሁ በፊት የደራሲውን ፈቃድ ጠይቁ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ማባዛትንም ሆነ ማሰራጨትን ለሥራው ባለቤት ይሰጣል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ድራመኛው አልተቀየመም፤ መቅረጫውን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።