ጥቆማ፦ ምርታቸው የቆመ የፋንታሲ ሚኒየቸሮችን ከየት እንግዛ? በምን እንለያቸው? እንዴት እንመዝግባቸው?

የድሮ የሲታዴል፣ የራል ፓርታ ወይም የግሬናዲየር ሚኒየቸሮችን (ትንንሽ የብረት ምስሎችን) መሰብሰብ የጀመራችሁ ሰዎች መጀመሪያ የምትጠይቁት «የት ይገኛል?» ብላችሁ ነው። እኔ ከሻጭ በፊት መለያ ልጠቁማችሁ። የያዛችሁት ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ የትኛውም ሱቅ ከዋጋው በላይ ያስከፍላችኋል። ካወቃችሁ ግን ሌላው አይቶ ያለፈውን ጥቅል በርካሽ ታነሳላችሁ።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ የምናወራው በጠረጴዛ ላይ ለሚካሄዱ የፋንታሲ ጨዋታዎች ስለተሠሩ ትንንሽ የብረት ተዋጊዎች፣ ጠንቋዮችና ጭራቆች ነው። አብዛኞቹ ከአውራ ጣት ያንሳሉ። ራል ፓርታ በ1975 አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ ተቋቋመ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ግሬናዲየር በዚያው ዓመት ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጀምሮ በ1996 ተዘጋ። ሲታዴል በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ተመሠረተ። እሱ በእናት ድርጅቱ በጌምስ ወርክሾፕ ስር ዛሬም አለ፤ የድሮ ሥራዎቹ ግን አብዛኞቹ ከምርት ወጥተዋል።

መለያ

ለእኔ አንደኛው ሎስት ሚኒስ ዊኪ ነው። ሰብሳቢዎች ራሳቸው ፎቶ እያነሱ የሞሉት ድረ ገጽ ነው። በአምራች፣ ከዚያ በምርት ቁጥር ተደርድሯል። ብዙ ትንንሽ የጠፉ ድርጅቶችን ስለሚይዝ «ይሄ የማን ሥራ ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚስተካከለው የለም። ድክመቱ፣ አንዳንድ ገጽ ላይ ስምና ቁጥር ብቻ ተጽፎ ፎቶው ባዶ ነው።

ስተፍ ኦፍ ሌጀንድስ ደግሞ የድሮ ካታሎግ ገጾችን ስካን አድርጎ ያስቀምጣል። አምራቹን ካወቃችሁ በኋላ የምትሄዱበት ቤት ነው። ሲታዴል በ1980ዎቹ ምርቶቹን በ«ሲ» (C) ቁጥር ይመድብ ነበር፦ ሲ06 ድዋርፎች (ድንክ ተዋጊዎች)፣ ሲ23 ኦግሮች (ግዙፍ ጭራቆች)፣ ሲ35 የኬኦስ ተዋጊዎች፣ ሲ47 ስኬቨኖች (የአይጥ ሰዎች) እያለ ይቀጥላል። በየቁጥሩ ስር እያንዳንዱ ምስል የራሱ ስም ነበረው። የካታሎጉን ገጽ ከፍታችሁ በእጃችሁ ካለው ጋር ጎን ለጎን ማየት ነው። ሲታዴል ላይ ብቻ የምታተኩሩ ከሆነ ኮሌክቲንግ ሲታዴል ሚኒየቸርስ የተባለውን ዊኪም ጨምሩበት፤ ጠለቅ ይላል።

የደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ (ባጭሩ ዲኤንዲ) ጨዋታ ፈቃድ ያላቸውን ለምትሰበስቡ ዲኤንዲ ሌድ የተባለ ድረ ገጽ አለ። ይሄ ለብቻው የሚያስፈልገው ፈቃዱ ከእጅ ወደ እጅ ስለዞረ ነው። ከ1980 እስከ 1982 ግሬናዲየር ያዘው። ከዚያ ባለቤቱ ቲኤስአር ራሱ ሠራ። በ1985 ወደ ሲታዴል ሄደ፤ ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ራል ፓርታ ወሰደው። ስለዚህ አንድ ሻጭ «የድሮ ዲኤንዲ ጭራቅ» ብቻ ብሎ ከለጠፈ፣ ከአራቱ ድርጅቶች የአንዱ ሥራ ሊሆን ይችላል። የዋጋቸውም ልዩነት ትልቅ ነው።

አራቱም በነፃ ይታያሉ። አዲስ አበባ ሆናችሁ በስልክ ዳታም ቢሆን ታሪኩን እስከ ጥግ መከታተል ትችላላችሁ።

አሁን ምስሉን ገልብጡት። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ የወጡ የሲታዴል ሥራዎች ከእግራቸው ስር ቀጭን የብረት ምላስ አላቸው። ምላሱ ስንጥቅ ባለው ጥቁር የፕላስቲክ መቆሚያ ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ ስሙ፣ የድርጅቱ ምልክትና ዓመቱ የተጻፈው እሱ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት መቆሚያቸው ከራሳቸው ጋር አብሮ የተቀዳ ብረት ነው፤ ጽሑፍ ካለ ከስሩ ወይም ከጎኑ ይገኛል። ፊደሉ ካልታያችሁ የስልካችሁን መብራት ከጎን አድርጋችሁ አብሩበት። ከላይ ሲበራበት ድፍን የነበረው ከጎን ሲመጣበት ጥላ ሠርቶ ይነበባል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ምላሱ ላይ ያለው ዓመት ቅርጹ የወጣበት ነው። ያ በእጃችሁ ያለው ቅጂ ከዓመታት በኋላ የተቀዳ ሊሆን ይችላል።

ሻጮች

ጥቅል ለመግዛት ኢቤይ፣ ክፍተት ለመሙላት ኖብል ናይት። ባጭሩ ምክሬ ይሄ ነው።

ኖብል ናይት ጌምስ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ያለ ሱቅ ነው፤ ምርታቸው የቆመ ጨዋታዎችን ይገዛል፣ ይሸጣል። እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ፣ በቁጥሩና ያለበት ሁኔታ ተጽፎለት ይቀመጣል። «ከዚህ ስብስብ አንድ ብቻ ጎድሎኛል» ለሚል ሰው እፎይ የሚያሰኝ ቤት ነው። ዋጋው ግን ጠንከር ይላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀመስም። ድርብ የሆነባችሁን ስለሚገዛችሁ ግን የተወሰነውን ታካክሳላችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ ትሮል ትሬደርን ተመልከቱ፤ ስብስብ በጅምላ እየገዛ በነጠላ የሚሸጥ ነው።

ኢቤይ ላይ የሚሠራው ዘዴ ሻጩ የማያውቀውን ማወቅ ነው። የአያቱን ቤት የሚያፀዳ ሰው «ሲ35» ብሎ አይጽፍም። «ኦልድ ሌድ ፊገርስ» (የድሮ የእርሳስ ምስሎች) ይላል፤ እንግሊዝ ከሆነ «ጆብ ሎት» (የተደባለቀ ጥቅል) ይጨምርበታል። እናንተም እንደሱ ፈልጉ። ፎቶውን አጉሉት። በደበዘዘ ቀለም ስር የምታውቁት የራስ ቁር ወይም ጋሻ ብቅ ካለ፣ ከኋላና ከስር ያለውን ፎቶ ጠይቁ። ዋጋ ስታጣሩ የተለጠፈውን አትመኑ። «የተሸጡ ዕቃዎች» የሚለውን ማጣሪያ ጫኑና ሰው በእርግጥ የከፈለውን እዩ። አንድ ሰው ሁለት መቶ ዶላር ስለጠየቀ ዕቃው ሁለት መቶ ያወጣል ማለት አይደለም።

ፌስቡክ ላይ «ኦልድሃመር» በሚል ስም የሚሰባሰቡ የድሮ ዋርሃመር (የጌምስ ወርክሾፕ የጠረጴዛ ጨዋታ) ወዳጆች አሉ። ዋጋቸው ከሁሉም ይሻላል፣ ዕቃውንም ያውቁታል። ግን ገንዘብ ስትልኩ በፔይፓል የዕቃና አገልግሎት ክፍያ አድርጉት። «ለወዳጅ ዘመድ» በሚለው ላኩልኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ዕቃው ባይመጣ ተከራክራችሁ የምታስመልሱበት መንገድ የለም። ጥቂት ሳንቲም ለመቆጠብ ብላችሁ አትግቡበት።

በአካል ማየት ለምትወዱ፣ አሜሪካ፣ ኢንዲያናፖሊስ የሚደረገው ጄን ኮን የተባለው የጨዋታ ትርኢት የራሱ የጨረታ አዳራሽ አለው። እንግሊዝ ውስጥም በብዙ ትርኢቶች ላይ ሰው ያገለገለ ዕቃውን የሚያመጣበት «ብሪንግ ኤንድ ባይ» የሚሉት ጠረጴዛ አለ። በእጅ ይዞ መመዘንን የሚያህል የለም።

ፎርጅድን በተመለከተ ጠበቅ ልበል። አንድ ሻጭ ኦሪጅናል ነው ብሎ የኬኦስ ተዋጊ ላከልኝ። ከራሴ ጋር ጎን ለጎን ሳቆመው በጥቂቱ ያጥራል። የብረት ሰንሰለት ልብሱ ላይ ቀለበቶቹ ተለይተው መታየት ሲገባቸው እንደቀለጠ ቅቤ ተያይዘዋል። ምላሱ ላይ ያለው ጽሑፍም ግማሹ ተደፍኗል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ከተጠናቀቀ ምስል ላይ ሞልድ (የመቅጃ ቅርጽ) አውጥቶ እንደገና የሚቀዳ ሰው በግድ ትንሽ ያነሰ ቅጂ ያገኛል፤ ዝርዝሩም ይደበዝዛል። ገንዘቤን አስመለስኩ፤ ማስረጃዬ ሁለቱን ከማስመሪያ ጋር ያነሳሁት ፎቶ ነበር።

ሕጋዊ ዳግም ቅጂዎች

ይሄ ከፎርጅድ ጋር እንዳይምታታ። አይረን ዊንድ ሜታልስ ሲንሲናቲ ውስጥ የራል ፓርታን ውርስ ይዞ ይሠራል። የጣሊያኑ ሚርሊቶን ብዙ የግሬናዲየር ሞልዶችን ይዞ እየቀዳ ይሸጣል። ጌምስ ወርክሾፕም በ2024 ዘ ኦልድ ወርልድ የተባለውን ጨዋታ ሲጀምር የድሮ የብረት ምስሎችን መልሶ አውጥቷል። ለመጫወት ወይም ለመቀባት ከሆነ ያለ ምንም ጥርጥር እነዚህን ግዙ። ጥራታቸው ጥሩ ነው፣ ለአሮጌ ጨረታ ከመንገብገብም ያድናል።

ከጀርመን አንዲት እህት የመላኪያው ነገር አማርሯት ጽፋልኝ ነበር። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆናችሁ ሚርሊቶን ጉምሩክ የለበትም። ከእንግሊዝ ስታዝዙ ግን ከብሬግዚት ወዲህ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ትንሽ ዋጋ ያለው ጥቅልም ከታክሱ ነፃ መሆኑ ቀርቷል። ሒሳቡን ከመላኪያው ጋር ደምራችሁ አወዳድሩ።

ለሰብሳቢ ግን አዲሱና አሮጌው ቅጂ አንድ አይደሉም። ዋናው ልዩነት ብረቱ ነው። የድሮዎቹ እርሳስ የበዛባቸው ናቸው፦ ከበድ፣ ለስለስ፣ ጠቆር ይላሉ። በ1993 የኒው ዮርክ ግዛት እርሳስን ከሚኒየቸር ሊያግድ ሲነሳ አምራቾች ወደ እርሳስ አልባ ቅይጥ መዞር ጀመሩ። በኋላ ሕጉ ሚኒየቸሮችን ነፃ ቢያደርግም የአሜሪካ አምራቾች አብዛኞቹ ወደ ኋላ አልተመለሱም። አዲሱ ቅይጥ ቀለል፣ ጠንከርና ነጣ ይላል። ወርቅ የሚመዘንበት ዓይነት ትንሽ የኪስ ሚዛን ግዙ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ዓይን የማይለየውን ይለያል።

መዝገብ

ልዩ አፕ አትፈልጉ። ጉግል ሺትስ ይበቃል። ከስልክም ከኮምፒውተርም ይከፈታል፣ ጨረታ ላይ ሆናችሁ «ይሄ አለኝ ወይስ የለኝም?» የሚለውን ወዲያው ታያላችሁ። ኤክሴልም ያው ነው፤ ብቻ ፋይሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ታስሮ እንዳይቀር።

ዋናው ሕግ፦ አንድ መስመር ለአንድ ምስል። አንድ ዓይነት ሦስት ካላችሁ ሦስት መስመር። አንዱ ሰይፉ ተሰብሮ፣ አንዱ ተቀብቶ፣ አንዱ ዳግም ቅጂ ሊሆን ይችላልና። አምራች፣ ቁጥር፣ ስም፣ የቅርጹ ዓመት፣ ከታወቀ ቀራጺው፣ ክብደት፣ የጎደለ ክፍል፣ መቆሚያው፣ የከፈላችሁት ዋጋ ከነመላኪያው፣ ከማን እንደገዛችሁ፣ የት ሳጥን እንዳለ፤ እነዚህን ጻፉ። ቀራጺውን አትዝለሉ። የቶም ማየርን ኤልፎች፣ የኬቭ አዳምስን ጎብሊኖች ወይም የጄስ ጉድዊንን ሥራ በስም ፈልጎ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። እኔም የኬቭ አዳምስን ጎብሊን ከሩቅ ፊቱን አይቼ ነው የምለየው፤ ያንን ተንኮለኛ ፈገግታ ሌላ ሰው አይሠራውም።

ለእያንዳንዱ ተራ ቁጥር ስጡት። ያንኑ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ከምስሉ ጋር በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ክተቱ፤ ብረቱ ላይ በማርከር አትጻፉ። ፎቶውንም በዚያው ቁጥር ሰይሙት። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከስር፤ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጉ። ያልተለየውን «ያልታወቀ» ብላችሁ ተዉት። በግምት የተጻፈ ስም ለሌላው ሰው ይተላለፍና እውነት መስሎ ይቀራል። ብዙ የተሳሳቱ የሽያጭ ማስታወቂያዎች የሚወለዱት እንዲህ ነው።

ማጠቢያና ማስቀመጫ

ቀለም ለማስለቀቅ እንግሊዝ ያሉት በዴቶል ይምላሉ፤ ያው እኛ ቤት የምናውቀው ዴቶል ነው። ውኃ ሳትጨምሩ አንድ ቀን ዘፍዝፉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እዚያው ዴቶል ውስጥ ፈትጉት። ቀለሙ ሳይለቅ ውኃ ካስነካችሁት እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። ሽታው ከባድ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ሲምፕል ግሪን የተባለው የጽዳት ፈሳሽ ይሻላችኋል፤ ቀስ ይላል እንጂ ለእጅም ለአፍንጫም ይመቻል። አሴቶን ፈጣን ነው፣ ግን እሳት ይስባል፤ ፕላስቲክ ያለበት ነገር ላይ ከፈሰሰ ያቀልጠዋል። የትኛውንም ብትመርጡ ጓንት አድርጉ፣ ልጆች ከሚደርሱበት አርቁ። በዘመኑ ጥሩ ተደርጎ የተቀባ ከሆነ ግን ባታጥቡት ደስ ይለኛል። እሱም የታሪኩ አካል ነው።

ማስቀመጫ ላይ የሚያምረው የኦክ እንጨት ቁም ሳጥን ጠላት ነው። ኦክ፣ ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍና ካርቶን ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ በትነት ይለቃሉ። ያ ትነት እርጥበት ባለበት እርሳሱን ይበላዋል፤ ሰብሳቢዎች «ሌድ ሮት» የሚሉት ነው። መጀመሪያ እንደ ሻጋታ ነጭ ነጥብ ይታያል፣ ከዚያ ፊቱና ጣቶቹ ዱቄት ይሆናሉ። የጠፋው ዝርዝር አይመለስም። ዱቄቱ የእርሳስ ውሁድ ስለሆነ መርዝ ነው፤ አትንፉት፣ በደረቁም አትቦርሹት። ከሌሎቹ ለዩት።

ለዕይታ ከብረትና ከመስታወት የተሠራ ቡፌ ይሻላል፤ ኢኬያ ዋጋቸው የሚቻል አሉት። ለማከማቻ የእንግሊዙ ሪሊ ዩስፉል ቦክስ የሚመረጠው የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ስለሆነ ነው፤ አሲድ አይለቅም። ከታች ቀጭን የብረት ሉህ አንጥፉ፣ ከየመቆሚያው ስር ማግኔት ለጥፉ፤ ምስሉ ራሱ ማግኔት አይስበውምና። ሳጥኑ ቢንቀሳቀስ እርስ በርስ አይጋጩም።

አሁን ለምትጀምሩና ገንዘቡ ውስን ለሆነባችሁ፦ አንድ የ«ሲ» ቁጥር ብቻ ምረጡ። እኔ ሲ06 ድዋርፎችን እመርጥላችኋለሁ፤ ድንቡሼ ስለሆኑ ቀጭን ጦርና ጣት እንዳላቸው እንደ ኤልፎች ቶሎ አይሰበሩም። የካታሎግ ገጹን አትሙት፣ ያገኛችሁትን ምልክት አድርጉበት፣ ጥቅል ጨረታዎችን ደግሞ በትዕግሥት ጠብቁ።