«በራሱ ይጠፋል» ይሉኛል፤ እሱ ግን ተመልሶ ይመጣል

ቀኝ ጎኔ፦

ሰላም እህቶች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ኦቫሪሽ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ላይ ሲስት፣ ማለትም ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ አለ ከተባልኩ ቆየሁ። አንዱ ሐኪም «ቀንሷል» ይለኛል። ሌላዋ «ይሄ አዲስ ነው» ትለኛለች። አንድ ጊዜ ደግሞ «ጠፍቷል» ተብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ሕመም ተመለሰ። ምክሩ ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ውሃ ነው፣ በራሱ ይጠፋል፣ አትጨነቂ።» እሺ፣ አልጨነቅም። ግን ያመኛል!

ሲጀምረኝ ከእምብርቴ በታች፣ በቀኝ በኩል አንድ ከባድ ነገር የተንጠለጠለ ይመስለኛል። ከዚያ መውጋት ይጀምራል፤ ወደ ወገቤና ወደ ታፋዬ ይወርዳል። ስቀመጥ ወደ ግራ አጋድዬ ነው። ደረጃ ስወርድ እያንዳንዷ እርምጃ ሆዴ ውስጥ ትሰማኛለች። ስብሰባ ላይ ፊቴ ፈገግ ብሎ፣ ከጠረጴዛው ስር ጎኔን በጡጫዬ ተጭኜ የተቀመጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ለአለቃዬ «ሆዴን አሞኛል» ስለው ደግሞ የበላሁት ነገር ይመስለዋል።

ሕመሙ ሲነሳባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? የእርግዝና መከላከያ እንክብል ያጠፋዋል የሚባለው እውነት ነው? ኦፕራሲዮን የሆነችስ አለች? ይህን ቀቅለሽ ጠጪ፣ ያንን ጠጪ የሚለውን ከዘመድ አዝማድ በቂ ስለሰማሁ እሱን ተዉልኝ።

እናት ዓለም፦

አይዞሽ የኔ እህት። እኔን የሚያስታግሰኝ ሙቀት ነው። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ መያዣ አድርገሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ጎንሽ ላይ አድርጊው፤ ቆዳሽን እንዳያቃጥልሽ ብቻ። አይቡፕሮፌን የምትወስጂ ከሆነ ሕመሙ ጫፍ እስኪደርስ አትጠብቂ፣ ሲጀምርሽ ምግብ በልተሽ ውሰጂው። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያምሽ ከሆነ ግን እሱ አይሆንሽም፣ ፓራሲታሞል ይሻልሻል። ሆድ ድርቀትም ያባብሰዋል።

ያለፈባት፦

እኔ «ተመልሶ ይመጣል» ያልሽው ላይ ነው የቆምኩት። መምጣቱን እርግጠኛ ነሽ? ወይስ ከመጀመሪያውም አልሄደም?

በየወሩ ኦቫሪ ላይ እንቁላል የያዘ ትንሽ የፈሳሽ ከረጢት ያድጋል። ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይፈነዳና እንቁላሉ ይወጣል። አንዳንዴ ሳይፈነዳ ማደጉን ይቀጥላል። አንዳንዴ ደግሞ ከፈነዳ በኋላ መልሶ ይዘጋና ፈሳሽ ወይም ደም ይቋጥራል። «ይጠፋል» የሚሉሽ ይሄንን ነው። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ናቸው፤ ሁለት ሦስት ፔሬድ ሲያልፍ ይከስማል።

የማይከስምም አለ። ደርሞይድ የሚሉት ውስጡ ስብና ፀጉር፣ አንዳንዴም ጥርስ ይገኝበታል (አዎ፣ ጥርስ!)። ሌላው የኔው ነው፣ ኢንዶሜትሪዮማ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ኦቫሪ ላይ ይበቅልና አሮጌ ደም ይጠራቀምበታል። ይሄኛው ደም ከቋጠረ ተራ ሲስት ጋር በአልትራሳውንድ ሊመሳሰል ይችላል። እኔን ስንት ዘመን «ተራ ነው» ሲሉኝ ኖረዋል።

የሚለያቸው ጊዜ ነው። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ቆይተሽ ስትታዪ ተራው ወይ ጠፍቷል ወይ አንሷል። ኢንዶሜትሪዮማ ከሆነ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅሻል። አልትራሳውንዱን ፔሬድሽ እንዳለቀ ሰሞን ተነሺ፤ ዘግይተሽ ከሄድሽ የዚያ ወር ከረጢት ጣልቃ ገብቶ ያሳስታል። የጽሑፍ ውጤቱን ደግሞ ሳትቀበዪ አትውጪ። የቱ ጎን ነው? ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? ውስጡ ጥርት ያለ ነው ወይስ ድፍርስ? «ትንሽ ሲስት ናት» ብሎ በቃል የሚሸኝሽን እሺ አትበዪ።

እስኪ ንገሪኝ፣ ፔሬድሽ ላይ በጣም ያምሻል? በግንኙነት ጊዜስ ያምሻል? ፔሬድ ላይ ሆነሽ ሽንት ቤት ስትቀመጪስ?

ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፣ በላፓሮስኮፒ (ሆድ ላይ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ የሚሠራው)። ተገላገልኩ ማለት እችላለሁ፣ ግን ቀላል ውሳኔ አይደለም። ሲስቱ ተልጦ ሲወጣ ጤነኛው የኦቫሪ ክፍልም አብሮ ሊነካ ይችላል። ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ አስቀድመሽ ከሐኪምሽ ጋር በደንብ ተነጋገሪበት። ከወጣም በኋላ መመለስ ይችላል፤ ለዚህ ነው እስካሁን ሆርሞን የምወስደው።

ፋርማሲስቷ፦

ስለ እንክብሉ። ሁለት ሆርሞን ያለው (ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን) እንክብል እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል። ስለዚህ አዲስ ተራ ሲስት እንዳይፈጠር ይረዳል። ያለውን ግን አያጠፋም። ብዙዎች ይሄን ስለማያውቁ «ወሰድኩት፣ ምንም አልለወጠም» ብለው ያቆሙታል።

ለሁሉም ሴት አይሆንም። የደም መርጋት ካጋጠመሽ፣ ደም ግፊት ካለብሽ፣ ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ የሚጀምር ማይግሬን ካለሽ፣ ወይም ከ35 ዓመት በላይ ሆነሽ ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ሳትጠይቂ እንዳትጀምሪ። ክንድ ውስጥ የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ ወይም ማህፀን ውስጥ የሚገባ ሆርሞን ያለው ሉፕ ካለሽም ለሐኪሟ ንገሪያት። እነሱ ራሳቸው ተራ ሲስት ሊያመጡ ይችላሉ።

ሰላም ለሁሉም፦

ይሄን ማንም ስላላነሳው ልጨምር። ድንገት የሚጀምር፣ ከለመድሽው የተለየ ኃይለኛ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣብሽ ማስታገሻ ውጠሽ አትተኚ። ሲስት የከበደው ኦቫሪ በራሱ ላይ ተጠማዝዞ ደም ላይደርሰው ይችላል። ኦቫሪውን ለማትረፍ ያለው ሰዓታት ብቻ ነው። ታላቅ እህቴን በሌሊት ይዘናት ሮጠን ነው የተረፈላት። ራስ ማዞር፣ መዝለፍለፍ፣ ትኩሳት፣ ትከሻ ጫፍ ላይ ሕመም ካለም ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ፔሬድሽ ከቀረ የእርግዝና ምርመራም ይደረግልሽ፤ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናም እንዲሁ ነው የሚያመው።

ቀኝ ጎኔ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያለፈባት፣ ለጠየቅሽኝ ለሦስቱም መልሴ አዎ ነው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከመሳቢያ ወረቀቶቼን አውጥቼ አልጋ ላይ ደረደርኳቸው። ሁሉም ላይ «ቀኝ» ይላል። መጠኑ ትንሽ ትንሽ ጨመረ እንጂ አንዱም ላይ አልቀነሰም። «ጠፍቷል» የተባልኩበትን ብፈልግ ብፈልግ ወረቀት የለውም፣ ለካ በቃል ነው የነገሩኝ። አሁን ፔሬዴ እንዳለቀ የማህፀን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል አያይዤ ነው የምሄደው።

ኦፕራሲዮን ከተባልኩስ፣ ከሥራ ብዙ ያስቀራል?

ያለፈባት፦

ጎበዝ! ወረቀቶቹን ገና ቁጭ ስትዪ ነው ለሐኪሟ የምታሳዪያት፣ ስትወጪ አይደለም። ላፓሮስኮፒ ከሆነ ብዙዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። ቢሮ የሚሠሩት ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳሉ፣ ከባድ ነገር ማንሳት ግን ይቆያል። ለማየት እንዲመቻቸው ሆድሽን በጋዝ ስለሚነፉት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትከሻሽን ሊያምሽ ይችላል፤ ቀስ እያልሽ ስትራመጂ ይለቅሻል። ስትሄጂ ሱሪ አትልበሺ። አንዱ ቁስል እምብርት ላይ ስለሆነ ቀበቶ ይነካዋል፤ ሰፋ ያለ ቀሚስ ያዢ።