የሐይቅ ዳር ሱቆቻችን የመስታወት ፊት፦ የጋራ ሐሳብ ማዘጋጃ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። ለከተማ አስተዳደሩ የምናስገባው ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷችኋል። ወደ ጣና የሚያየው የሱቆቻችን ፊት 36 ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታው 2.40 ሜትር ነው። ረቂቁ የቆዩትን መስታወቶች አንሥተን እያንዳንዳቸው 6 ሜትር የሚረዝሙ ስድስት መስታወቶች እናስገባ ይላል። ሐሳቡን ያመጡት አባላት የኒውዮርኩን የአፕል መደብር በምሳሌነት ጠቅሰዋል። መልካም፤ ግን ሕዝቡ የዚያን መደብር የመስታወት እድሳት እንዴት እንደተቀበለውም አብረን እንይ። እኛ የምንሠራው የባሕር ዳር ሰው ጧት ማታ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው።

መሐንዲስ አባል፦
የአፕል መደብሩ ራሱ ያለው ከአደባባዩ ሥር ነው። ከላይ የሚታየው መግቢያው ነው፤ በየጎኑ 10 ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ሳጥን። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲከፈት በ90 መስታወት የተገጣጠመ ነበር። በ2011 ፈርሶ በ15 ተተካ፤ በአራቱም ጎን ሦስት ሦስት፣ ጣሪያው ላይ ሦስት። ወጪው 6.7 ሚሊዮን ዶላር ተባለ።

እኔ ትኩረት የምሰጠው ነገሩ እንዴት እንደተነገረ ነው። በእድሳቱ አጥር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ለመንገደኛው የነገረው መስታወቱ ከ90 ወደ 15 እንደሚወርድ ነው። ገንዘቡ የታወቀው ግን ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ሰነድ ነው። ስለዚህ ወሬው በሙሉ ገንዘቡ ላይ ዞረ። አንዱ ወገን አምስት ዓመት ብቻ ያገለገለ ደኅና መስታወት ለምን ይፈርሳል አለ፤ ሌላው መጋጠሚያው ሲቀንስ ነው ያማረው አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ግን የሚከራከሩበት ዝርዝር አልተሰጣቸውም። በ2014 መጀመሪያ ደግሞ በረዶ የሚጠርግ ማሽን አንዱን መስታወት ሰነጠቀው። ያኔ የአንዱ ዋጋ 450 ሺህ ዶላር ነው ተብሎ ተወራ። 6.7 ሚሊዮንን ለ15 ብታካፍሉት 447 ሺህ ይመጣል፤ ማፍረሻው፣ ክሬኑና የሠራተኛው ሁሉ በመስታወቱ ዋጋ ላይ ተደምሮ ማለት ነው። ዝርዝር ያልወጣለት ድምር እንዲህ ነው የሚነበበው። እኛ ወጪያችንን ራሳችን ዘርዝረን መለጠፍ አለብን።

የመስታወትና አሉሚኒየም ሥራ አባል፦
ኢንጂነር ልክ ነህ። እኔ ደግሞ የመጠኑን ነገር ላንሣ፤ ስድስቱን ትልልቅ መስታወት እቃወማለሁ።

መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር በየሚሊው 2.5 ኪሎ ይመዝናል። 6 በ2.40 ማለት 14.4 ካሬ ነው። በዚያ ስፋት ላሚኔትድ፣ ማለትም ሁለት መስታወት በመሐሉ በፕላስቲክ ንጣፍ የተጣበቀውን፣ 10 በ10 ሚሊ ብንወስድ አንዱ ከ740 ኪሎ ያልፋል። ያለ ክሬን አይነሣም፤ ክሬኑ ደግሞ ከሱቆቹ ፊት ባሉት ዛፎች ሥር አይገባም። ከአዲስ አበባ ሲመጣም ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት። አንዱ ቢሰበር አዲስ እስኪመጣ ያ ሱቅ በቆርቆሮ ታጥሮ ይከርማል።

የኔ ሐሳብ 1.20 በ2.40 ነው፤ 36 ሜትሩ 30 መስታወት ይሆናል። ላሚኔትድ 6 በ6 ከ1.52 ሚሊ ፒቪቢ (የሚያጣብቀው ፕላስቲክ) ጋር በካሬ 31.6 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንዱ 91 ኪሎ። አራት ሰው በመምጠጫ መያዣ ይሸከመዋል። ከሉኩም፣ ከፋብሪካ ከሚመጣው ሙሉ መስታወት፣ ጋር ይስማማል፦ 2.44 በ3.66 ከሆነው ሉክ ልክ ሦስት ይወጣል፣ የሚጣለው ቁራጭ ጥቂት ነው። 10 ሉክ ለሥራው፣ 2 ሉክ ለመጠባበቂያ። ሉኩ ግን 280 ኪሎ ያህል ስለሆነ በጠርዙ ቆሞ፣ ትንሽ ተደግፎ፣ ከሥሩ ጎማ ተነጥፎለት ይጫን። የተኛ ሉክ መንገድ ላይ ይሰነጠቃል።

የሒሳብ ሹም፦
ወንድም ዓለም፣ ለምን ቴምፐርድ፣ በምድጃ የተጠናከረው መስታወት፣ አይሆንም? ሁሉም ሰው ጠንካራው እሱ ነው ይላል።

የመስታወትና አሉሚኒየም ሥራ አባል፦
ጥንካሬው እውነት ነው፤ ከተራው መስታወት አራት እጥፍ ያህል ይችላል። ነገር ግን ከምድጃ ከወጣ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ልኩ በ1 ሳንቲ ሜትር ከተሳሳተ ተመልሶ ሌላ መታዘዝ ነው። ሲሰበር ደግሞ ሙሉው ይረግፋል፤ ሱቁ ሌሊቱን ክፍት ያድራል። አልፎ አልፎም ውስጡ በቀረች የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት የተነሣ ማንም ሳይነካው ይፈነዳል፤ ለዚህ ነው በምድጃ ሙቀት የተፈተነ መሆኑን ማረጋገጫ የሚጠየቀው። ላሚኔትድ ቢሰነጠቅም ፒቪቢው ይዞት ይቆማል፣ ሌባም ቶሎ አያልፈውም። ያልተጠናከረ ላሚኔትድ ከሆነ እዚሁ ባሕር ዳር ይቆረጣል፦ በሁለቱም ፊት በአንድ መስመር ይጫራል፣ ሁለቱም ይሰበራል፣ መሐል ያለው ፒቪቢ ሞቆ ሲለሰልስ በምላጭ ይቆረጣል። ጭረቱ ከላይና ከታች ካልተገጣጠመ ጠርዙ ይሸራረፋል፣ ከዚያ ሽራፊ ነው በኋላ ስንጥቁ የሚነሣው። በሮቹ ብቻ ባለ 10 ሚሊ ቴምፐርድ ይሁኑ፤ ማጠፊያና መቆለፊያ ቀዳዳ አላቸውና።

መሐንዲስ አባል፦
ያልተጠናከረ መስታወት ጠላቱ ያልተስተካከለ ሙቀት ነው። መሐሉ ግሎ ጠርዙ ፍሬም ውስጥ ሲቀዘቅዝ ከጠርዝ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፀሐዩን አሰላሁት።

እኛ 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነን፤ ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ፊታችን ሰሜን ያያል። በታኅሣሥ ፀሐይ ከጀርባችን ናት። በቀትር ወደ እኛ የምትዞረው ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምራ ነው፤ በሰኔ አጋማሽ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እንኳ ከአድማስ 78 ዲግሪ ከፍ ብላ ትቆማለች። በዚያ ከፍታ 50 ሳንቲ ሜትር የወጣ ታዛ ወደ 2.40 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ልክ የመስታወታችን ከፍታ ነው። በእነዚያ ወራት ጧትና ማታ በሰያፍ የምትገባው ትቀራለች፤ እሷን ዛፎቹ ይይዙልናል፣ ስለዚህ አንድም ዛፍ አይነካ። ታዛው ከተሠራ ጥቁር መስታወትም ሆነ ፊልም አያስፈልገንም። ይህ ከወጪውም ይቀንስልናል።

የማዕዘን ሱቅ ባለቤት፦
የኔ ሱቅ ግን አንዱ ጎኑ ምዕራብ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትገባለች። ለኔም 50 ሳንቲ ሜትር ታዛ ይበቃል?

መሐንዲስ አባል፦
አይበቃም። ዝቅ ያለች ፀሐይን ታዛ አይከለክልም፤ የቆሙ የጎን መከለያዎች ናቸው የሚከለክሉት። ያንን ጎን ለብቻው እንየው። እዚያ ላሚኔትዱ ከተጠናከረ መስታወት የተሠራ ይሁን፣ ልኩ ፍሬሙ ከቆመ በኋላ በሜትር ተወስዶ ይታዘዝ፣ አንድ ትርፍም አብሮ ይምጣ።

የመስታወትና አሉሚኒየም ሥራ አባል፦
ሙቀቱ ከተነሣ ለሁላችንም አንድ ደንብ ይግባ፦ መስታወቱ ላይ ትልቅ ፖስተር፣ ጥቁር ስቲከር፣ ጋዜጣ አይለጠፍ። ከውስጥ ካርቶንና ማዳበሪያ አስጠግቶ መደርደርም እንዲሁ። የተሸፈነው ቦታ ይግላል፣ ያልተሸፈነው ይቀዘቅዛል፣ መሐል ላይ ይሰነጠቃል። ሻጩ ጥፋተኛ የሚባልበት ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

አገጣጠሙን እንዲህ ብንጽፈው፦ መስታወቱ ከፍሬሙ ቀዳዳ በዙሪያው 5 ሚሊ ያንሳል። አሉሚኒየም በሙቀት ከመስታወት ከሁለት እጥፍ በላይ ይለጠጣል፤ 3 ሜትር ፍሬም በ30 ዲግሪ ልዩነት 2 ሚሊ ሲረዝም መስታወቱ 0.8 ሚሊ ነው። ክፍተቱ ከሌለ ፍሬሙ መስታወቱን ይጨምቀዋል። ከሥር ሁለት ጠንካራ የጎማ መቀመጫ፣ ከየጫፉ በርዝመቱ ሩብ ላይ። በእንጨት ቁራጭ ማስደገፍ ይከልከል፤ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በኋላም ይበሰብሳል። የታችኛው ፍሬም ባለ 8 ሚሊ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ ማሸጊያው ሲሊከንም እንዳይደፍነው። ክረምቱ እዚህ ቀላል አይደለም፤ የላሚኔትድ ጠርዝ ውሃ ውስጥ ከከረመ ፒቪቢው ነጭ ሆኖ መላቀቅ ይጀምራል።

ሲሊከኑ ኮምጣጤ የማይሸተው ዓይነት ይሁን፤ የሚሸተው አሲዱ ፒቪቢውን ይጎዳል። ሲሊከን የሚቀባው ፊት የሚጸዳው በአልኮል ነው፣ በአንድ ጨርቅ አርሶ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ። ቤንዚን ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ሲሊከኑም በአንድ ክረምት ይላጣል።

ጸሐፊ፦
የሰውና የአእዋፍ ጉዳይ ረቂቁ ውስጥ የለም። ጥርት ያለ መስታወት ያለበት ቦታ ሰው ይጋጨዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በአፕል አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ተጋጭተው ተጎድተዋል። በ1 ሜትርና በ1.50 ሜትር ከፍታ ላይ የሚታይ ምልክት መስመር ይግባ። ወፎቹ ደግሞ መስታወቱ ላይ የሚያዩት ዛፉንና ሐይቁን ነው። በውጭው ፊት ትናንሽ ነጠብጣቦች በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ይደረጉ፤ ከዚያ ከሰፋ ወፏ በመሐል አልፋለሁ ትላለች። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው፤ በዳሩ የምንሠራ ሰዎች ይህን ሳንጠየቅ ብናስገባው ደስ ይለኛል። የማታ መብራቱም ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ያብራ፤ የሐይቁ ትንኝ ነጭ ብርሃን ላይ ነው የሚሰፍረው።

ሰብሳቢዋ፦
ነጠብጣቡ ይግባ፣ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። አሁን ወደ ሕዝቡ እንመለስ። በዚህ ብር ለምን መጸዳጃ ቤት አልተሠራም፣ ለምን ቦዩ አልተጠረገም የሚል ይመጣል፤ መብቱም ነው። ምን እንለጥፍ?

የሒሳብ ሹም፦
ሥራው ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት አጥሩ ላይ በትልቅ ፊደል ይጻፍ። ይህን አርቅቄዋለሁ፣ አርሙት፦

«ገንዘቡ የሱቅ ባለቤቶቹ መዋጮ ነው፤ በየሱቁ የፊት ርዝመት በሜትር የተደለደለ። ለመስታወት፣ ለፍሬም፣ ለማጓጓዣ፣ ለሠራተኛና ለታዛው የወጣው እያንዳንዱ ከዚህ በታች ተጽፏል። ለመንገደኛው 36 ሜትር ታዛና የሚታይ ምልክት ያለው መስታወት ይሠራል። ዛፍ አይቆረጥም። የሚነሣው ደኅና መስታወት ተቆርጦ ለመስኮት ይውላል።»

ብሩን የምሞላው ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ሲያልቅ ነው። ከጠቅላላው 10 በመቶ ለድንገተኛ ወጪ ለብቻው ተጽፎ ይታይ።

የማዕዘን ሱቅ ባለቤት፦
«ለመስኮት ይውላል» የሚለው የሚሆነው ለተራው መስታወት ብቻ ነው። ከአሮጌዎቹ ቴምፐርድ የሆኑት አይቆረጡምና «መቆረጥ የሚችለው» ይባል። ያልቻልነውን ቃል አንግባ።

ሰብሳቢዋ፦
ተስተካክሏል። ጊዜው ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥምቀት ዋዜማ ይሁን። ዝናቡ አልፏል፣ ሲሊከኑ በደረቅ ፊት ይይዛል፣ ለጥር 11 ለሚመጣው እንግዳም አጥሩ ተነሥቶ ይቆያል። በአንድ ጊዜ የሚነሣው አምስት መስታወት ብቻ ነው፤ 6 ሜትሩ ሳያልቅ ቀጣዩ አይከፈት፣ ማንም ሱቁን እንዳይዘጋ።

የመስታወትና አሉሚኒየም ሥራ አባል፦
ርክክቡ ላይ የውሃ ፍተሻ ይጻፍ። ሲሊከኑ ሳምንት ከቆየ በኋላ በጎማ ቱቦ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ በየመስታወቱ አምስት ደቂቃ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉን ያረጥብና የሚያፈሰው የትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ አይለይም። አንድ ሰው ከውስጥ በደረቅ ወረቀት ፍሬሙን እየነካ ይከተል።

የሒሳብ ሹም፦
ውሉ ላይ ይህንንም ጨምሩ፦ ከክፍያው 5 በመቶ ተይዞ የሚለቀቀው ከቀጣዩ ክረምት በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ ፍሬሞቹ ተከፍተው ውሃ እንዳላቆሩ ከታየ ነው።