ለእህቴ ሠርግ ማሪያቺ (የሜክሲኮ ባህላዊ ሙዚቃ) የሚጫወት አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል?

የልደታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው። ሙሽራው ሜክሲኳዊ ነው፣ የጓዳላሃራ ልጅ። ታክሲ ተራ ላይ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ ሲጣራ እስከ ዛሬ ፊቱ ይበራል። ሽማግሌ የላከው እዚህ ያሉ የሥራ ባልደረቦቹን ነው። አባቴ «የልጁ ወገኖች የት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ አንጀቴን በላኝ። ለሠርጉም የሚመጡት እናቱና ሁለት እህቶቹ ብቻ ናቸው። በእኛ በኩል ደግሞ ዘመዱ፣ እድርተኛው፣ የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት ሁሉ አለ።

ስለዚህ በመልሱ ቀን እናቱ ከመኪና ሲወርዱ የአገራቸው ሙዚቃ እንዲቀበላቸው እፈልጋለሁ። ዲጄው በስፒከር ይልቀቀው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ሰው ቆሞ ሲጫወት ነው የምፈልገው። ከውጭ ማስመጣት ያዋጣል? ወይስ እዚህ የሚችል አለ? ለማሲንቆና ለከበሮ ልጆች ቀብድ ስለከፈልን እነሱንም ማስቀየም አልፈልግም።

ባለቫዮሊኑ፦
እንኳን ደስ አላችሁ። የምኖረው ሠርግ ላይ ቫዮሊን በመጫወት ነው። ከሜክሲኮ ማስመጣቱን ተይው። የስምንት ሰው ቲኬት፣ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድ፣ በዚያ ላይ ጊታሮን የሚባለው ሆደ ሰፊ ባለ 6 ክር መሣሪያ በእጅ ሻንጣ የሚገባ አይደለም።

የማሪያቺ ዋናው ቫዮሊን፣ ትራምፔትና ጊታር ነው። ሦስቱም እዚህ አሉ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ ጎበዝ የቫዮሊን ልጆች አውቃለሁ። ትራምፔት ደግሞ አርባ ልጆች የሚባሉት አርመናውያን ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ከመጡ ጀምሮ የዚህ ከተማ መሣሪያ ነው። ቪዌላ የምትባለውን ባለ 5 ክር ትንሽ ጊታር በናይለን ክር ጊታር እንተካታለን፣ ጊታሮኑን በኮንትራባስ።

እኔን የሚያስደስተኝ ምቱ ነው። ሶን የሚሉት የሃሊስኮ (የጓዳላሃራ ክፍለ ሀገር) አጨዋወት በ6/8 እና በ3/4 መካከል ይመላለሳል። የእኛም ችክችካ 6/8 ነው! ከበሮ መቺያችሁ ጆሮ ካለው ቶሎ ይገባዋል፤ ብቻ 3/4 ላይ ሲሻገሩ እንዳይደናቀፍ አብሮ መለማመድ አለበት። ማሪያቺ በልማዱ ከበሮ ስለሌለው መጀመሪያ ብቻቸውን ይጫወቱ፣ ከበሮው ኋላ ይግባ።

ልምምዱን ዐቢይ ጾም ላይ አድርጉት። ሠርግ ስለሌለ ሙዚቀኛ ሁሉ ክፍት ነው። ከፋሲካ በኋላ ማንንም አታገኚም።

ሜክሲኮ ሲቲ የተማርኩ፦
እዚያ ጋሪባልዲ አደባባይ ማታ ማታ ማሪያቺዎች ልብሳቸውን ለብሰው ቆመው ይጠብቃሉ። ለአንድ ዘፈንም ለሰዓትም ተስማምተሽ ይዘሻቸው ትሄጃለሽ። ቆሜ ስሰማ የገባኝ ነገር ቢኖር ነፍሱ ዘፈኑ ላይ መሆኑን ነው፤ ቫዮሊን የያዘውም ትራምፔት የያዘውም ተራ በተራ ይዘፍናል። መሣሪያው ቢሟላም ስፓኒሹ ከተሰባበረ እናቲቱ ያዝናሉ። እህቶቹ ይዘፍኑ እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቂ። ዘፈኖቹንም እናቱ ይምረጡ፤ ለሠርግ የማይሆን የመለያየት ዘፈን ሞልቷል።

ለአባትሽም ይህን ንገሪልኝ። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ እዚህ አዲስ አበባ ያለው ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው በዚህ ውለታ ነው። ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። እዚያም ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ባየሁት ቁጥር ደረቴ ይነፋ ነበር። ልጁ ወገን የለውም አይባልም።

የሰንጋ ተራዋ እናት፦
ልጄ፣ ስንት ልጅ ድሬያለሁ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለመልስ አታቆዪው። የሠርጉ ቀን ጠዋት ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ ደጅ ላይ «አናስገባም» ይባል የለ? የእናንተ ወገን በሩን ዘግቶ ሲዘፍን በእሱ በኩል ማን ይመልሳል? ሦስት ሴቶችና የሥራ ጓደኞቹ? ያኔ ነው ሙዚቀኞቹ የሚያስፈልጉት። ከእሱ ጋር ይምጡ፣ የእሱ አጃቢ ይሁኑ። ማሲንቆውና ከበሮው ከውስጥ፣ ትራምፔቱ ከውጭ። ማንም አይቀየምም፤ ሁሉም ቦታውን ያገኛል። በሩ ሲከፈት እናቱን አንቺ ራስሽ እጃቸውን ይዘሽ አስገቢያቸው።

የልደታ ልጅ፦
እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ፤ አነበብኩትና አለቀስኩ። በመልሱ ሳይሆን በሠርጉ ጠዋት ይሆናል። ሙሽራውን አሁን ደውዬ ጠየቅኩት፤ ታላቅ እህቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘማሪ ናት፣ ትዘፍናለች። ዘፈኖቹን እናቱ መርጠው በዚህ ሳምንት ይልካሉ።

ባለቫዮሊኑ ወንድሜ፣ ሦስት ቫዮሊንና ሁለት ትራምፔት ይበቃል? ስንት ቀብድ እንደምትፈልጉና ልምምዱ የት እንደሚሆን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ከበሮ መቺያችን ሥራው ለገሃር ስለሆነ ከሥራ በኋላ የሚደርስበት ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው።